በቀለ፣ አበበ፣ ሰብለ፦ የዕፅዋት ስሞችና የገጸ ባሕርይ ስያሜ ንባብ

መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በትርጉም ኮርስ ላይ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ልቦለድ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሄዘር የምትባል ወጣት ናት። ተማሪዎቹ ሁሉ ስሙን እንዳለ ሲያስቀሩት፣ አንዱ ብቻ መዝገበ ቃላት ገልጦ ቃሉ የደጋ ቁጥቋጦ መጠሪያ መሆኑን ተረዳና ልጅቱን «አስታ» አላት። ትርጉሙ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ነገሩን በኋላ ሳስበው ግን ተማሪው የሠራው ስሕተት ምን እንደሆነ በግልጽ ማስረዳት አቃተኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ዘመሮ ነው። አስታን አውቀዋለሁ። በጓሳ አምባ ከጓሳው ሣርና ከጅባራው ጋር ብርዱን ተቋቁሞ የሚኖር፣ ለማገዶ የሚፈለግ ተክል ነው። የእንግሊዙ ሄዘርና የእኛ አስታ በሥነ ዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስለዚህ ተማሪው ተክሉን አልሳተም። የሳተው ስሙን ነው። በመንዝ አስታ የምትባል ሴት አላውቅም፤ ኮሶ ወይም ጅባራ የሚባል ወንድም አላውቅም። ነገር ግን አበበ፣ በቀለ፣ ለምለም፣ እሸቱ የማይባል ሰው ያለበት መንደርም አላውቅም። ታዲያ የዕፅዋት ስም ለሰው በመስጠት ረገድ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ልዩነቱስ ልቦለዶቻችንን ስናነብ ምን ይጠቅመናል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

የተክሉ መልክና የተክሉ ግብር

በእንግሊዝኛ ሴቶችን በአበባና በቁጥቋጦ ስም መጥራት ፋሽን ሆኖ የተስፋፋው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዴዚ፣ ቫዮሌት፣ አይቪ፣ ሄዘር የመሳሰሉት በዚያ ዘመን የተለመዱ ናቸው። ሄዘር የስኮትላንድን ተራሮች በሐምራዊ አበባው የሚያለብስ ተክል በመሆኑ ስሙ የአገር ናፍቆትም አለበት። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ እጅግ ከተለመዱት የሴት ልጅ ስሞች አንዱ ነበር። የእነዚህ ስሞች ጠባይ አንድ ነው፤ ተክሉን ከዓይነቱ ጋር ለይተው ይጠራሉ። ስም አውጪው ተክሉን ቆሞ ያያል፣ መልኩን ይወዳል፣ መልኩን ለልጁ ይመኛል።

የእኛ አርሶ አደር የሚያየው ሌላ ነው። በመንዝ ደጋ ዋናው እህል ገብስ ነው። የገብሱን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰው ስም መቁጠር ይቻላል። ዘር ይወድቃል፤ ዘሪሁን። ይበቅላል፤ በቀለ፣ በቀለች። ማሳው ይለመልማል፤ ለምለም። የባቄላውና የተልባው ማሳ ያብባል፤ አበበ፣ አበበች። እህሉ ያሸታል፤ እሸቱ፣ እሸቴ። ሰብሉ ይደርሳል፤ ሰብለ። አዝመራው ይገባል፤ አዝመራው። በዚህ ተርታ ውስጥ ገብስ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም፤ ባቄላና ተልባም ስም አልሆኑም። ስም የሆነው ተክሉ የሚያደርገው ነገር ነው።

ሰዋስዉም ይህንኑ ይመሰክራል። «በቀለ» እና «አበበ» በኃላፊ ጊዜ የቆሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ገና በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን «አበበ» ሲባል፣ ያልሆነው እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል። ይህ የምርቃት ሰዋስው ነው። «ዘሪሁን» ደግሞ ምኞቱን በግልጽ ያወጣዋል፤ ዘር ይሁን። ዘር የሚለው ቃል የእህሉም የትውልዱም መጠሪያ ስለሆነ፣ ከማሳው ወደ ቤተሰቡ ለመሻገር ምሳሌ መፍጠር አላስፈለገም፤ ቋንቋው ራሱ አስቀድሞ አሻግሮታል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ስም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ድል የተቀዳጀው አትሌት የተወለደው በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አበበ የአማርኛ ግሥ ነው። ቢቂላ ደግሞ በኦሮምኛ በቀለ ማለት ነው። በእኛ ሥርዓት የልጅ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል። ከአባት ወደ ልጅ ስንሄድ በመጀመሪያ ቢቂላ፣ ቀጥሎ አበበ ይመጣል። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ። ሁለት ቋንቋ የተካፈሉት አንድ የእድገት ታሪክ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ባለው የእንግሊዝኛ ስያሜ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በቀላሉ አይገኝም።

ከመጽሐፍ የመጡ ተክሎች

እዚህ ላይ አንባቢ ሮማን፣ ጽጌረዳ፣ ወይኒቱ፣ ብርቱካን የሚሉትን ስሞች ጠቅሶ ሊሞግተኝ ይችላል። በእርግጥ እነዚህ የተክል ዓይነት ስሞች ናቸው። ነገር ግን በዘመሮ ብርድ ከእነዚህ የትኛው ይበቅላል? ወይንና ሮማን የመጡልን ከማሳ ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው። በኦሪት ዘጸአት በካህኑ ቀሚስ ዘርፍ ላይ ከወርቅ ጸናጽል ጋር እየተፈራረቀ የተሠራው ሮማን ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ሮማነ ወርቅ ስም ይህን ሁለቱን፣ ሮማኑንና ወርቁን፣ አንድ ላይ ይዟል። ሶስና የሚለው ስም በዕብራይስጥ የአበባ ስም መሆኑን ብዙዎቹ ባለ ስሞች ራሳቸው አያውቁትም። በአበባ የተሰየመችው ሶስና ከሐሰት ክስ የዳነችው ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ በመጠየቁ መሆኑም ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ከመጽሐፍ የመጡትም ቢሆኑ ወደ እኛ ሲገቡ ብቻቸውን አልቆሙም፤ ዘርፍ ይዘው ገቡ። ጽጌ ማርያም፣ ፍሬ ሕይወት፣ አጸደ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት እንላለን። በቡልጋ የተወለደው ጻድቅ የመጀመሪያ ስሙ ፍሥሐ ጽዮን ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት የተባለው ከተልእኮው ጋር ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ የሚዜመውን ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው ሊቅም ራሱ ጽጌ ብርሃን ይባላል። ጽጌ የማን? ተክል የማን? ፍሬ የማን? ስሙ ሁልጊዜ ይህን ጥያቄ ይመልሳል። እንግዲህ በአገሬው አፍ ተክሉ ግሥ ነው፤ በቤተ ክህነቱ አፍ ተክሉ የሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ዘንድ ለመልኩ ብቻ ተብሎ የተጠራ ተክል ጥቂት ነው።

ያልታጨደው ሰብል

አሁን ወደ ልቦለዱ ልግባ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዓመታት ሳስተምር፣ ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሰብለ ውበትንና ልምላሜን ታመለክታለች» እል ነበር። ተማሪዎቼም ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሱልኛል። አሁን ሳስበው ሰብለን እንደ ሄዘር ነበር ያነበብኋት። ይህ ንባብ ስሕተት ባይሆንም ባዶ ነው። ስለ የትኛዋም ቆንጆ ሊባል የሚችል ነገር ስለ ሰብለ ወንጌል የነገረን ምንም የለም።

ሰብል ጊዜ አለው። ደርሶ ካልታጨደ ይረግፋል። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ያለችበት ሁኔታ ይህ ነው። አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ የደረሰችው ልጅ ዓመት ከዓመት ትቆያለች። እኒሁ ፊታውራሪ ደግሞ የገበሬውን እውነተኛ ሰብል ለግብርና ለመስተንግዶ ካላስገባችሁ ብለው ከባላገሩ ጋር ይጣላሉ። የሰው ሰብል ያለ ልክ የሚሰበስበው ጌታ በቤቱ ያለውን ሰብል ማስገባት አልቻለም። ይህን ግንኙነት ያየሁት ስሙን እንደ ጌጥ ማንበብ ከተውሁ በኋላ ነው።

የስሙም ቅርጽ ይናገራል። ሙሉ ስሟ ሰብለ ወንጌል ነው፤ በ1541 እ.ኤ.አ. ከተራራ ወርዳ ፖርቱጋሎቹን የተቀበለችው የልብነ ድንግል ባለቤት ስም ነው። በልቦለዱ ውስጥ ግን በአብዛኛው «ሰብለ» ትባላለች። ዘርፉ ተቆርጦ፣ «የ... ሰብል» የሚለው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የማን ሰብል? የአባቷ? የበዛብህ? ታሪኩ ሲያልቅ ሰብለ ትመነኩሳለች፤ የተቆረጠው «ወንጌል» ተመልሶ ከስሟ ጋር ይጋጠማል። ጥያቄውን የመለሰው ሰው ሳይሆን ገዳም ነው።

ከዚህ ጋር የበዛብህን ስም እናስተያይ። «በዛብህ» በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አንዱ «በአንተ በዛ፣ በአንተ ተባዛ» የሚለው የወላጅ ምርቃት ነው። ሁለተኛው «ከአቅምህ በላይ ሆነብህ» የሚለው ነው። ወላጆቹ ልጁን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ስሙ መብዛትን እየተናገረ ስለቱ ትዳርን ከለከለው። ሁለቱን ስሞች ብናገናኛቸው «ሰብል በዛ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወጣል፤ የማንኛውም ገበሬ የዓመት ምኞት ነው። ልቦለዱ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር እንዲፈጸም አይፈቅድም። በመጨረሻ የሚጸናው የበዛብህ ስም ሁለተኛው ትርጉም ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ አስቦ ነው ስሞቹን የመረጠው ለማለት አልደፍርም፤ ሁለቱም በጎጃም የተለመዱ ስሞች ናቸው። የምለው ስሞቹ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይሠራሉ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የታተመውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በዚህ ዓይን ብናየው፣ ጸጋዬ በአዲስ አበባ ትቷት የሄደው እጮኛ ሮማን፣ በአስመራ ያገኛት ደግሞ ፊያሜታ ናት። አንዷ ፍሬ፣ ሌላዋ በጣሊያንኛ ትንሽ ነበልባል ማለት ናት። በጦርነት መካከል በፍሬና በነበልባል መካከል የቆመ ሰው ወዴት እንደሚሳብ ስሞቹ አስቀድመው ይጠቁማሉ።

የንባቡ ወሰን

እንዲህ ያለ ንባብ አደጋም አለው። ራሴ የወደቅሁበትን ልናገር። ታላቅ ወንድሜ በቀለ ይባላል። በተማሪነቴ ዘመን ስለ ሰምና ወርቅ አንድ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ «በቀለ» ሰሙ የቡቃያ፣ ወርቁ ግን የበቀል ነው፣ የመንዝ ሰው ልጁን በቀለ ሲል ደም የሚመልስ ሰው መመኘቱ ነው ብዬ በድፍረት ጻፍሁ። ለእረፍት ዘመሮ ስሄድ ይህንኑ ለእናቴ አነበብሁላት። ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «አይ ልጄ፣ የምን በቀል አመጣህብኝ? ከእሱ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። በቀለ ያልሁት መሬቱ አልመከነም ለማለት ነው» አለችኝ። ስለ ሁለቱ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው።

በቀልን በስሙ ውስጥ የሰማ ሰው በሌላ ቤት ይኖር ይሆናል፤ ቃሉ ይፈቅዳል። በእናቴ ቤት ግን አልነበረም። ቃሉ የሚችለውና ስም አውጪው ያለው አንድ አይደለም። በልቦለድ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚፈቅደውን ትርጉም ሁሉ በገጸ ባሕርዩ ላይ መጫን ንባብ አይባልም።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ተማሪዎች የዕፅዋት ስም ያለው ገጸ ባሕርይ ሲገጥማቸው፣ «ስሙ ውበትን ያመለክታል» ብለው ከማለፋቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ። አንደኛ፣ ስሙ የሚናገረው ስለ ተክሉ የትኛው ጊዜ ነው? ስለ መብቀሉ፣ ስለ ማበቡ ወይስ ስለ መታጨዱ? ሁለተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ ስሙን ያወጣው ማን ነው? ምንስ ደርሶበት ነበር? ሦስተኛ፣ በስሙ ውስጥ ያለው ግሥ በታሪኩ ይፈጸማል ወይስ ይከሽፋል?

ያን ተማሪ በተመለከተ፣ «አስታ» የሚለውን ትርጉም ዛሬም አልቀበለውም፤ ሄዘር ሄዘር ተብላ ትቅር። ሆኖም በክፍሉ ውስጥ ስምን ከመጠሪያነት አልፎ ምን ይላል ብሎ የጠየቀው እሱ ብቻ ነበር። መሳቅ አልነበረብኝም።