ከብት መጠበቅ ትምህርት ይሆናልን?

ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከእንስሳት ጋር ሆነውና ከክፍል ውጭ ወጥተው ቢማሩ ብዙ ይጠቀማሉ የሚለው ሐሳብ በባሕር ማዶ ብዙ ተጽፎበታል። ሐሳቡ ደግ መሆኑን እኔም አልክድም። የምተቸው አገሩን ሳያዩ እንዳለ የመቀበልን ነገር ነው። ይህን ስል የማስበው በቦንጋ ዙሪያ ያለውን የካፋ ገጠር፣ ደካንና የመሳሰሉትን ቀበሌዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ከሰው ጋር መነጋገር እምቢ ያለ ልጅ ከውሻ ጋር ሲጫወት ልቡ እንደሚከፈት አይቶ፣ ውሻ ለሐኪም ረዳት ሊሆን ይችላል ብሎ በ1962 ጻፈ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሊስ ሃርቴል የተባለች ዴንማርካዊት፣ በፖሊዮ ምክንያት ከጕልበቷ በታች የማትታዘዝ ስትሆን፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳይ አገኘች። በአውሮፓ ፈረስን ለአካል ጉዳተኞች ማከሚያና ማስተማሪያ ማድረግ የተስፋፋው ከዚህች ሴት ድል ወዲህ ነው። ሁለቱም ታሪኮች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም የመጡት ልጅ ከእንስሳ ተለይቶ ከሚያድግበት አገር ነው። ለዚያ አገር የከተማ ልጅ ፍየል መንካት እንደ በዓል ነው፤ ለካፋ ልጅ ግን ፍየል የየዕለት ግዴታው ነው።

እኛ ዘንድ ቀኑን ሙሉ ከእንስሳት ጋር የሚውለው ልጅ ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ ነው። ከወንድማማቾች አንዱ ዐይኑ የደከመ፣ ጆሮው የማይሰማ ወይም ነገር ቶሎ የማይገባው ሲሆን ወላጅ «ይህ ተምሮስ ምን ሊያደርግ ነው? ከብቱን ይጠብቅልኝ» ብሎ ይወስናል። በቆሎው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያባርረው፣ ቡና ሲደርስ ከለቀማው የማይቀረው እርሱ ነው። እንግዲህ እኛ ከከተማ ሄደን «ልጅህ በእንስሳት አማካይነት ይማራል» ብንለው አባትዬው «ታዲያ ከከብቱ ጋር አይደለም ወይ? ምን ፈልጋችሁ ነው የምትወስዱብኝ?» ቢለን መልሳችን ምንድን ነው? ያማረው ሐሳባችን ለቸልተኝነት ማስረጃ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ነው። ወላጁንም ጨካኝ ማለት አይገባም። ጆሮው የማይሰማውን ልጅ ትምህርት ቤት ቢልከው፣ አስተማሪው ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ የሚናገር ከሆነ፣ ልጁ ያለ አንዳች ትርፍ ተቀምጦ ይመለሳል። ከብቱ ዘንድ ቢያንስ ይፈለጋል።

ይሁን እንጂ ያ እረኛ ባዶ አይደለም። በአማርኛ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ቡሬ እያልን የምንለየውን የከብት መልክ እርሱ ያለ ስም ይለየዋል፤ አንዲት ጊደር ብትጎድል ሳይቈጥር ያውቃል። ከዚህ ዕውቀት እስከ ሒሳብ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። ከብቱ ከበረት ሲወጣ ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ማስቀመጥ፣ ማታ ሲገባ ጠጠሩን መልሶ ማንሳት፣ ቀጥሎ በጠጠሩ ፈንታ አኃዝ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ መልክም የምልክት ቋንቋ ስም መስጠት ነው። ይህን መንገድ ልጁ ብቻውን አይሄደውም፤ ከብቱም አይወስደውም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሄለን ኬለር ታሪክ እንኳ በዚህ ረገድ ጎደሎ ሆኖ ይነገራል። ማየትና መስማት የተሳናት ይህች ልጅ ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ በ1887 በአላባማ በወላጆቿ ግቢ፣ አንድ እጇን ከፓምፕ በሚወርድ ውሃ ሥር ይዛ ሳለ አስተማሪዋ አን ሱሊቫን በሌላው መዳፏ ላይ የውሃን ስም ፊደል በፊደል አሳየቻት፤ ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያን ጊዜ ነው። ከክፍል ውጭ የመማርን ጥቅም የሚሰብኩ ሁሉ ውሃውንና ግቢውን ያነሣሉ። ውሃው ግን ከዚያ በፊትም ይወርድ ነበር፤ ልጅቱም እጇ ስንት ጊዜ ረጥቧል። ያልነበረችው አን ሱሊቫን ናት።

የመንግሥትን ዕቅድ ስንመለከት ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2010 በዐዋጅ አጽድቃለች፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ2006፣ የተሻሻለው በ2012፣ እስከ 2025 እንዲያገለግል የታሰበው መሪ ዕቅድም በ2016 ወጥተዋል። በእነዚህ ሰነዶች ከድጋፉ ዋና ምሰሶዎች አንዱ ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች የሚያገለግለው ሪሶርስ ማዕከል ነው። ማዕከሉ የብሬል መጻፊያ፣ አባከስ፣ የምልክት ቋንቋ መጽሐፍና የመሳሰለው የሚቀመጥበት ክፍል ነው። እነዚህ ዕቃዎች አያስፈልጉም አልልም፤ እንዲያውም በገጠር አይበቁም። ነገር ግን ዕቃው ክፍል ውስጥ ስላለ ትምህርቱም ክፍል ውስጥ ብቻ የሚቀር ይመስለናል። ዓይነ ስውር ልጅ «ላም አራት እግርና ሁለት ቀንድ አላት» ብሎ በቃሉ ቢመልስ እናጨበጭባለን፤ ቀንዷ ከጆሮዋ በላይ ይሁን በታች ግን ላሚቱን ካልዳሰሰ አያውቅም። ቃል ያለ ነገር መያዝ የሚሉት ይህን ነው። እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራንና እንደ ሆሳዕናው የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ያሉት ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ ሆኖም ልጁ ከመንደሩ ርቆ ሲማር የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከኋላው ይቀራል። በመንደሩ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ሞልቶ አስተማሪ የለም።

ካፋ ለዳሳሽ እጅ ሀብታም አገር ነው። ጥሬው የቡና ፍሬ ይጠነክራል፣ የቀላው ይለሰልሳል፣ የደረቀው ሲነቀነቅ ይንኳኳል፤ ዓይነ ስውር ተማሪ ሦስቱን በጣቱና በጆሮው ይለያል። ኮረሪማና ጥምዝ ለአፍንጫ ይታወቃሉ። እንሰት ከሥሩ እስከ ቅጠሉ የተለያየ ነው። ንብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገሩ ልማድ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ስለ ሆነ ለማንም ተማሪ የሚሆን አይደለም፤ ሊሆን የሚችለው በመቆሚያ ላይ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው የሽግግር ቀፎ ነው፤ እርሱም በዐዋቂ አናቢ ፊት። ስለ ውሻ የሌቪንሰንን ምክር እንዳለ መቀበል ደግሞ ጨርሶ አይበጅም። የእኛ ውሻ የደጅ ጠባቂ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታም ገና ከአገራችን አልጠፋም። ዝናቡንም መርሳት የለብንም፤ ካፋ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ይዘንብበታል፤ «ከክፍል ውጭ» የሚለው ቃል እዚያ ጭቃ ማለት ነው። ቢያንስ የሣር ዳስ ያስፈልጋል።

የካፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ስፍራ ደኑንና የሰውን ኑሮ አስማምቶ ከመጠበቅ በተጨማሪ ለምርምርና ለትምህርት እንዲያገለግል በዩኔስኮ ሥርዐት ተደንግጓል። በእኔ አስተያየት ይህ ድንጋጌ ለጎብኚና ለተመራማሪ ብቻ የተጻፈ ተደርጎ መነበብ የለበትም። ደኑ አጠገብ የተወለደ መስማት የተሳነው ልጅ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው ተመራማሪ ያነሰ ድርሻ ያለው አይመስለኝም። በቦንጋ ዛሬ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም አለ። እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ሲወጡ ከሳምንቱ አንዱን ጠዋት በበረትና በቡና ማሳ ላይ፣ ከእረኞቹ ጋር፣ እንዲያሳልፉ ማድረግ አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም። ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል፤ አንደኛው እረኛው በመዝገብ ላይ ተማሪ ሆኖ መጻፉ ነው፤ ሁለተኛው ከብቱን በዚያ ሰዓት የሚጠብቅ ሌላ ሰው መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም የቤተ ሰቡን የሥራ ክፍፍል ይነካል። ስለዚህ ጉዳይ ከአባትና ከእናት ጋር ሳይነጋገሩ ዕቅድ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው።

የሊስ ሃርቴልን ፈረስ በተመለከተ ለካፋ የሚሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ቀላል ይመስለኛል። ተሽከርካሪ ወንበር በዚያ ዳገትና ጭቃ ላይ አይሄድም፤ በቅሎ ግን ይሄዳል። እግሩ የማይታዘዝ ልጅ ትምህርት ቤት የማይመጣው አእምሮው ስለ ደከመ አይደለም፤ መንገዱ ስለማያስኬደው ነው። በጀት የሚመድቡ ሰዎች የተሽከርካሪ ወንበር ዋጋ በሚጽፉበት መዝገብ ላይ ለገጠሩ ልጅ የበቅሎና የኮርቻ ዋጋም እንዲጻፍ ቢፈቅዱ ምን ይከለክላቸዋል?