«መስመጥ» እና «ዝቅታ»፦ ስለ መርከብ ጉዞ ቃላት አተረጓጎም

ከወላይታ ሶዶ ወደ ሁምቦ ቆላ የወረደ ሰው የአባያን ሐይቅ ያያል። ውሃው ከብላቴና ከሌሎች ወንዞች በሚወርድ ደለል የቀላ በመሆኑ፣ ወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይን አይገመትም፤ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ 13 ሜትር ያህል ነው። ለዓሣ አጥማጁ ጀልባ ይህ ጥልቅ ነው። ዐሥር ሜትር አካሉ ውሃ ውስጥ የሚሄድ የጭነት መርከብ በሐሳባችን ብናሳርፍበት ግን፣ ያው ውሃ መርከበኞች አጥብቀው የሚጠነቀቁለት ይሆናል።

በትርጉም ጽሑፎች ዘወትር የሚገጥመን «ጥልቀት የሌለው ውሃ» የተሰኘው ስያሜ ይህን ዝምድና ይሰውራል። ጥልቀት የሌለው ውሃ የለምና። ነገሩ የውሃው ጥልቀት ከመርከቡ ጥልቀት ጋር ሲነጻጸር ነው፤ እዚህም ላይ «ጥልቀት» ለሁለቱም ስለሚነገር ዓረፍተ ነገሩ ይደናገራል። ለመርከቡ «ጠለቅታ» ቢባል እንመርጣለን፤ ለጆሮ እንግዳ መሆኑን ሳንክድ።

ከሁሉ የከፋው «መስመጥ» ነው። መርከብ ወለሉ በቀረበ ውሃ ሲጓዝ ከሆዱ ሥር የሚያልፈው ውሃ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፤ መርከቡም ወደ ታች ይሳባል። በተለምዶ በሚሠራበት ቀላል ቀመር ሆደ ሰፊ መርከብ በ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ተኩል) ሲሄድ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ 20 ብቻ ይሆናል። በጠባብ ቦይ ውስጥ ዝቅታው እጥፍ ነው። እንግዲህ ተርጓሚው «መርከቡ ይሰምጣል» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ውሃ መቅጃ ያዝዛል፤ መድኃኒቱ ግን ፍጥነት መቀነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 «ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ» የተባለችው መርከብ በአሜሪካ ጠረፍ ከዐለት ጋር ስትጋጭ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዝቅታ ከታሰበው በላይ መሆኑ ነበር። እንግሊዝኛው ቃል «ቁጢጥ ማለት» የሚል ፍች ስላለው እንደወረደ ለመተርጎም የሚቃጣውም አለ፤ ቁጢጥ ያለ ግን አይሄድም፣ ይህ ደግሞ ያለ ጉዞ የማይደርስ ነው። ስለሆነም «የጉዞ ዝቅታ» ይበቃል። ጭነት ከሚያመጣው ዝቅታም ይለየዋል።

መሪው በዚህ ውሃ ይከብዳል፣ መዞሪያው ይሰፋል፣ ማቆሚያውም ይርቃል፤ ለእነዚህ ተራው አማርኛ አያንስም። የቸገረን የዳርቻው ነገር ነው። መርከብ ወደ ቦይ ዳር ሲጠጋ ኋላው ወደ ዳሩ ይሳባል፣ አፍንጫው ግን ይገፋል። «የዳርቻ ስበት» የሚለው አንዱን ብቻ ይናገራል፤ «የዳርቻ ተጽዕኖ» ደግሞ ምንም አይናገርም። እስካሁን ከሁለቱ የተሻለ አላገኘንም።