ያለፈው ዓለም ወይስ የሚመጣው ነገ? «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ከልቦለድ ወደ ፊልም

1. መግቢያ

በሰፊው የተነበበ ልቦለድ ወደ ፊልም በተለወጠ ቁጥር የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ወገን ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ አንድ ሺህ ገጽ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዴት ሊገባ ይችላል ብሎ ይከላከላል። ሁለቱም የሚጠቀሙበት ሚዛን የታማኝነት ሚዛን ነው፤ የቀረውንና የተጨመረውን ቆጥረው ፍርድ ይሰጣሉ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ይህ ቆጠራ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ታዋቂነትን ያተረፉ ልቦለዶች፣ በተለይም አከራካሪዎቹ፣ አንድ ድምፅ ብቻ የያዙ አይደሉም። የተለያየ አቋም ያለው አንባቢ የየራሱን የሚያገኝባቸውም በውስጣቸው እርስ በርሱ የሚጋጭ ስሜት ስላለ ነው። ስለሆነም መጠየቅ ያለበት፣ ፊልሙ ከልቦለዱ ድምፆች የትኛውን መርጦ አጎላ፣ የትኛውንስ አፈነ፣ በምርጫው የተጎዳውስ ማን ነው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመረጠው የማርጋሬት ሚቸል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። ምርጫው ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በታዋቂነትም ሆነ በአከራካሪነት ይህን የሚስተካከሉ ልቦለዶች ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ፣ ገጣሚና ተርጓሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ የመለሰው በመሆኑ፣ ልቦለዱ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

2. የልቦለዱ ሁለት ድምፆች

ልቦለዱ በሰኔ 1936 ታትሞ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ በ1937 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። መቼቱ የጆርጂያ ግዛት ነው፤ ታሪኩ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ዋዜማ ተነስቶ ከጦርነቱ በኋላ እስከ ነበረው የመልሶ ግንባታ ዘመን ይዘልቃል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ኦሃራ የባለ ጥጥ እርሻ ልጅ ናት። ጦርነቱ ሀብቷን፣ እናቷንና የልጅነት ዓለሟን ይወስድባታል፤ እሷ ግን ታራ የተባለውን ርስቷን ላለማስነጠቅ ስትል ትዋሻለች፣ ትሰርቃለች፣ ትገድላለች፣ ለገንዘብ ስትል ታገባለች።

በዚህ አጽመ ታሪክ ውስጥ ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንደኛው የሙሾ ድምፅ ነው፤ ጦርነቱ ስላጠፋው የደቡብ ጌቶች ዓለም ያለቅሳል። ሁለተኛው የምጸት ድምፅ ነው፤ በዚያው ዓለም ላይ ይሳለቃል። ተራኪዋ ገና በመክፈቻው ስካርሌት ቆንጆ እንዳልነበረች፣ ወንዶች ግን ይህን ልብ እንደማይሉ ትነግረናለች። አባቷ ጄራልድ ከትውልድ ጨዋ ቤተሰብ የመጣ አይደለም፤ ከአየርላንድ የተሰደደና እርሻውን በካርታ ጨዋታ ያገኘ ሰው ነው። ታራም ቤተ መንግሥት ሳይሆን ያለ ዕቅድ የተሠራ፣ ቅርጽ የሌለው ቤት ነው። ከሽንፈቱ በኋላ በትዝታ የሚኖሩት ጨዋዎች፣ አሽሊ ዊልክስን ጨምሮ፣ የሚታዩት አቅመ ቢስ ሆነው ነው። የዕንጨት መሰንጠቂያ ከፍታ የምትነግደው ስካርሌት ግን ስለ ቀድሞው ክብር ሲወራ ትሰለቻለች።

ይሁን እንጂ ይህ ምጸት የማያልፈው ድንበር አለ። ነገሩ ወደ ባሪያዎቹና ወደ መልሶ ግንባታው ዘመን ሲደርስ ተራኪዋ መሳለቋን ትተዋለች። ነፃ የወጡት ጥቁሮች እንደ ሕፃናት፣ ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጮች የሽብር ማኅበር ደግሞ ችግር እንደ ወለደው መከላከያ ይቀርባሉ። እዚህ ላይ «ይህ የስካርሌት አስተያየት እንጂ የደራሲዋ አይደለም» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። ስለ መልሶ ግንባታው የሚተርኩት ረዣዥም አንቀጾች በስካርሌት አንጻር የተጻፉ አይደሉም፤ ለፖለቲካ ደንታ የሌላት ስካርሌት ልታስባቸውም አትችልም። የሚናገረው ሁሉን አወቅ ተራኪ ነው። ከዚህም በላይ፣ ልቦለዱ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1935፣ ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱቦይስ ስለ መልሶ ግንባታው ባሳተመው ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ጥቁሮች ለነፃነታቸውና ለዲሞክራሲ ያደረጉትን ተጋድሎ በማስረጃ አሳይቶ ነበር። ስለሆነም ሌላ ዓይነት ዕውቀት በዘመኑ አልነበረም ማለት አይቻልም።

3. የፊልሙ ምርጫ

ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ የፊልም መብቱን በ1936 በ50,000 ዶላር ገዛ። የፊልም ጽሑፉ በሲድኒ ሃዋርድ ስም ቢወጣም ብዙ ጸሐፊዎች ተፈራርቀውበታል፤ አዘጋጁም ጆርጅ ኩከር ከተነሳ በኋላ ቪክቶር ፍሌሚንግ ሆነ። ፊልሙ ታኅሣሥ 15 ቀን 1939 በአትላንታ ተመረቀ።

ከተቀነሱት ነገሮች መካከል ጊዜ ለማሳጠር ብቻ የተቀነሱ አሉ። በልቦለዱ ስካርሌት ከሦስት ባሎቿ ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ በፊልሙ ያለችው ቦኒ ብቻ ናት። ሌሎች ቅነሳዎች ግን ትርጉም ይለውጣሉ። በልቦለዱ የቤት አገልጋዩ ፖርክ ዲልሲ የተባለች ሚስት አለችው፤ ጄራልድ እሷንና ልጇን ፕሪሲን ከጎረቤት እርሻ ገዝቶ ወደ ታራ ያመጣቸዋል። ዲልሲ ቁም ነገረኛ ሴት ናት፤ በችግሩ ዘመን ጥጥ ትለቅማለች፤ የሜላኒን ሕፃን ታጠባለች። ፊልሙ ዲልሲን ጨርሶ አውጥቷታል። ውጤቱ የአንድ ገጸ ባሕርይ መቅረት ብቻ አይደለም። በልቦለዱ እናት ያላት ፕሪሲ በፊልሙ ዘመድ አልባ ሆና፣ ለሳቅ ብቻ የተፈጠረች ፈሪና ውሸታም ልጅ ሆና ቀርታለች። ማልኮም ኤክስ በልጅነቱ ይህን ፊልም በሚሺጋን በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ በነጮች መካከል ብቸኛው ጥቁር ሆኖ ሲያይ፣ በፕሪሲ ትዕይንት በኀፍረት እንደ ተሸማቀቀ በግለ ታሪኩ ገልጿል። ያ ኀፍረት ከዚህ ቅነሳ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው የክላኑ ጉዳይ ነው። የጥቁሮች መብት ተከራካሪ ማኅበራት ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት ሴልዝኒክ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን ስድብ ከንግግሮቹ አወጣ፤ የክላኑም ስም እንዳይነሳ አደረገ። በልቦለዱ ስካርሌትን በመንገድ ላይ የሚያጠቃት ጥቁር ሲሆን በፊልሙ ነጭ ሆኗል። ተቃውሞው ተገቢ ነበር፤ የተገኘውም ውጤት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ያልታሰበ መዘዝ አስከትሏል። መጽሐፉን የሚያነብ ሰው እነዚያ የተከበሩ ጨዋዎች በሌሊት የሚሠሩትን በስሙ ተጠርቶ ያገኘዋል፤ ሊፈርድባቸውም ይችላል። ፊልሙን የሚያይ ግን ወንዶቹ «ለፖለቲካ ስብሰባ» ሄዱ ሲባል ይሰማል፤ ፍራንክ ኬኔዲ ሲሞትም በምን ሥራ ላይ እንደ ሞተ ሳያውቅ ያዝንለታል። ስድቡ ከፊልሙ ሲወጣ ማስረጃውም አብሮ ወጥቷል።

የተጨመረው ደግሞ ያው የሙሾው ድምፅ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው የጥንቱን ደቡብ እንደ ጠፋ የተረት ዓለም በሚያወድስ ጽሑፍ ነው፤ ይህ ጽሑፍ በልቦለዱ የለም። ሚቸል ራሷ የጆርጂያን ገጠር ቤት ሁሉ ባለ ነጭ ዓምድ አድርጎ የማየትን የሆሊውድ ልማድ በደብዳቤዎቿ ትቀልድበት ነበር። ቆንጆ አልነበረችም የተባለችውን ስካርሌትን እንድትጫወት የተመረጠችው በዘመኑ በቁንጅናዋ የታወቀችው ቪቪየን ሊ ናት። ተዋናይዋ ድንቅ ናት፤ ይሁን እንጂ የልቦለዱ ምጸት የሚኖረው ስካርሌት በምታስበውና በምትናገረው መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ተራኪዋ ወደ ውስጥ አስገብታ ታሳየን የነበረውን ሐሳብ ካሜራው ከውጭ ሆኖ ፊቷን እንድናደንቅ አድርጎ ተካው። በዚያ ላይ የማክስ ስታይነር ሙዚቃና የቀላው ሰማይ ሲታከሉበት፣ ልቦለዱ የሚሳለቅበት ዓለም በፊልሙ የሚናፈቅ ዓለም ሆነ።

ይህ ማለት ግን ፊልሙ በሁሉም ረገድ ከልቦለዱ ያነሰ ነው ማለት አይደለም። ሚቸል የጥቁሮቹን ንግግር በተሰባበረ አጻጻፍ ስታቀርብ የነጮቹን፣ እነሱም የደቡብ ቅላጼ ያላቸው ሆነው ሳለ፣ በአብዛኛው በመደበኛው አጻጻፍ ትጽፋለች። ስለዚህ አንባቢ ማሚን ገና ከፊደሉ ዝቅ አድርጎ ይገናኛታል። በፊልሙ ግን ማሚ የሐቲ ማክዳንኤል ድምፅና ፊት አላት። ቦኒ ከሞተች በኋላ ማሚ ከሜላኒ ጋር ደረጃ እየወጣች የቤቱን ሐዘን የምትተርክበት ትዕይንት የፊልሙ እጅግ ጥልቅ ክፍል ነው፤ በዚያ ቅጽበት ታሪኩ የሚታየው በእሷ ዓይን ነው። ማክዳንኤል በዚህ ሥራዋ የካቲት 29 ቀን 1940 ኦስካርን የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ሽልማቱን ስትቀበል የተቀመጠችው ከባልደረቦቿ ተለይታ ነበር፤ በአትላንታው ምረቃም በዘር መለያየት ምክንያት አልተገኘችም። ፊልሙ የናፈቀው ዓለም አልጠፋም ነበርና።

4. የአማርኛው ርእስና የአማርኛው አንባቢ

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለው ርእስ የተገኘው ከልቦለዱ መዝጊያ ነው፤ ሚቸልም ራሷ መጽሐፉን በዚህ ስም ልትጠራው አስባ ነበር። የእንግሊዝኛው ርእስ ያለፈውን፣ በነፋስ የተወሰደውን ይመለከታል፤ የአማርኛው የሚመጣውን። ፊልሙ ሙሾውን ሲመርጥ የአማርኛው ርእስ በሕይወት የመቆየትን ታሪክ መረጠ ማለት ነው። ከእስር ቤት ሆኖ ለሚተረጉም ሰው ይህ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም። አንባቢውም በ1967 ዓ.ም. የሥርዓት መገልበጥን፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅን፣ ከዚያም ጦርነትንና የ1977ን ረሀብ ያየ ነበር። ስካርሌት ከተቃጠለችው አትላንታ ሸሽታ ባዶ ማሳ ላይ ስትደርስ፣ ያ ለእሱ የሩቅ አገር ታሪክ አልነበረም።

ይሁንና ከዚህ ንባባችን ውስጥም የጎደለ ነገር አለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በክፍል ውስጥ ተማሪዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ራሳቸውን በማን ቦታ እንደሚያስቀምጡ በተደጋጋሚ ጠይቋል። መልሱ ሁልጊዜ ስካርሌት፣ ሬት በትለር፣ አልፎ አልፎ ሜላኒ ነው። ማሚ ወይም ፖርክ ያለ ተማሪ አልገጠመውም። ምክንያቱ በከፊል የትረካው አንጻር ነው፤ ደራሲዋ ያስቀመጠችን ከጌቶቹ ወንበር ላይ ነው። በከፊል ግን ምክንያቱ ከእኛው ዘንድ ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የተሸጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በመካከላችን ይኖራሉ፤ «ባሪያ» የሚለውም ቃል ዛሬም ለስድብ ይውላል። ማሚ በልቦለዱ ከመጠሪያዋ በቀር የራሷ ስም የላትም። ይህን ሳናስተውል ካለፍን፣ በደራሲዋ ዘረኝነት ላይ የምንሰነዝረው ኂስ የሌላውን አገር ኃጢአት ከመቁጠር አያልፍም።

ለጥናትም በር ይከፍታል። እንግሊዝኛ «አንቺ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፤ አማርኛ ግን ይለያል። ማሚ ያሳደገቻትን ስካርሌትን በየትኛው ትጥራት? ስካርሌትስ ማሚን? እያንዳንዱ ምርጫ የጌታና የባሪያን ግንኙነት እንደገና ይጽፈዋል። የትርጉም ሥራችንን ከዚህ አኳያ መርምሮ ከፊልሙ ጋር የሚያነጻጽር የመመረቂያ ጽሑፍ ቢሠራ ብዙ ያስተምራል።

5. ማጠቃለያ

በ2001 አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ታሪኩን በአንዲት ባሪያ አንጻር እንደገና ጽፋ ልታሳትም ስትል የሚቸል ወራሾች ከሰሷት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የኅትመት እገዳውን አንሥቶላታል። በሰኔ 2020 ደግሞ፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ በተነሳው ተቃውሞ ወቅት፣ ኤች. ቢ. ኦ. ማክስ ፊልሙን ለጊዜው አውርዶ በዚያው ወር የታሪክ ማብራሪያ ጨምሮ መለሰው። አንዳንዶች ይህን ሳንሱር ብለውታል። ሳንሱርን በደንብ የምናውቅ እኛ ቃሉን በጥንቃቄ ልንጠቀምበት ይገባል፤ ከማብራሪያ ጋር የቀረበ ሥራ አልታገደም። የክላኑ ስም መፋቅ እንዳሳየን፣ አከራካሪን ሥራ ማጽዳት ከነጥፋቱ ከማሳየት ይልቅ የበለጠ ሊያሳስት ይችላል። የሚሻለው ልቦለዱን ሳይቆርጡ ማንበብ፣ ፊልሙንም ማየት፣ ከዚያም በሁለቱም ውስጥ ዲልሲን መፈለግ ነው፤ በአንዱ ትገኛለች፣ በሌላው የለችም። ሥነ ጽሑፍን የሚያስተምርም ሆነ የሚማር ሰው ለምን እንደ ጠፋች መጠየቅ ይኖርበታል።