ፒንሳና መዝገበ ቃላት

ኒንቴንዶ የተሰኘው የጃፓን ኩባንያ ሱፐር ፋሚኮም ያለውን የቪዲዮ ጌም መጫወቻ በአገሩ ገበያ ያዋለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1990 ነበር። ይኸው መጫወቻ በማግሥቱ ዓመት ሱፐር ኒንቴንዶ ተብሎ አሜሪካ ገባ፤ በ1992 ደግሞ አውሮፓ። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሆኖም በአንዱ አገር የተሸጠ ካሴት በሌላው አገር መጫወቻ ላይ እንዳይሠራ ታስቦበት ተቆልፏል።

የቁልፉ ነገር ግን ያስቃል። የአሜሪካው መጫወቻ ካሴት በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። የአሜሪካ ካሴት በጀርባው ለጥርሶቹ የተተወ ክፍተት ስላለው ሰተት ብሎ ይገባል፤ የጃፓኑ ክፍተት የለውምና ከደጅ ይመለሳል። በሁለቱ አገሮች መካከል የተዘረጋው ድንበር ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ፒንሳ ይዞ ሁለቱን ጥርሶች የነቀለ ሰው በጃፓን የታተመውን ጨዋታ ሁሉ መክፈት ይችላል። በአውሮፓው መጫወቻ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የጃፓኑ ካሴት ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ነገር ግን በመጫወቻውና በካሴቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ቺፖች እንደ ዘበኛና እንደ እንግዳ ተያይተው ካልተግባቡ ጨዋታው አይነሣም። ይህን ለማለፍ ሁለት ካሴት የሚይዝ አዳፕተር ተሠራ፤ በአንዱ ወገን ባዕዱ ካሴት፣ በሌላው ወገን የአገሩ ካሴት ይሰካል። የአገሩ ልጅ ዋስ ሆኖ እንግዳውን ያስገባል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ቢገባም ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል፤ የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ ምስሉን ስለሚያድስ ለ60 የተሰላው ጨዋታ በአውሮፓው መጫወቻ ላይ በስድስተኛ ያህል ይንቀራፈፋል።

እኛ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች በዚህ ካርታ ላይ በስማችን አልተጠራንም። የቴሌቪዥን ሥርዓታችን እንደ ብዙው አውሮፓ ፓል በመሆኑ ብቻ ጥግ ላይ ተለጥፈን እንቆጠራለን። መጫወቻው በእጄ የገባው ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ ወዳጄ ሻንጣ፣ ከጃፓን ነው። የጃፓን መብራት 100 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑን ስላላሰብነው የመጀመሪያው ትራንስፎርመር ጢሱን ለቅቆ ተሰናበተን። ሁለተኛውን ከገዛን በኋላ የቤቱ አሮጌ ቴሌቪዥን ሁሉንም ሥርዓት የሚቀበል ስለነበረ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ያን ጊዜ እውነተኛው ቁልፍ ፊት ለፊታችን ቆመ። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነበር፤ የእኔ እንጀራ ደግሞ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ነው።

ካሴቱ «ሴይኬን ዴንሴትሱ 3» ይባላል፤ ሲፈታ «የቅዱሱ ሰይፍ አፈ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። ስኩዌር የተባለው ኩባንያ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1995 አወጣው። ከእርሱ የቀደመው ሁለተኛው ክፍል በ1993 «ሲክሬት ኦፍ ማና» ተብሎ በእንግሊዝኛ ወጥቶ ነበር፤ ሦስተኛው ግን ባሕር ሳይሻገር ቀረ። ዘመኑም አልረዳው። በዚያው ወር ፕሌይስቴሽን አሜሪካ ገብቶ የገዢው ዓይን ሁሉ ወደ አዲሱ ዞሮ ነበር። (በነገራችን ላይ ይህ «ማና» ከኦሪቱ መና ጋር ዝምድና የለውም፤ ከፓሲፊክ ደሴቶች ቋንቋዎች የተወሰደ፣ ረቂቅ ኃይልን የሚያመለክት ቃል ነው። ለሃያ አራት ዓመት የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን መና ሲጠብቅ መና ቀርቷል ቢባል ሐሰት አይሆንም።)

ስለ ድርሰቱ ጥቂት ልበል። ተጫዋቹ ሲጀምር ስድስት ገጸ ባሕርያት ይቀርቡለታል፤ ሦስቱን ብቻ ይመርጣል። ዱራን በቀይ ልብስ ጠንቋይ የተሸነፈ ሰይፈኛ ነው። አንጄላ አስማት በሚመለክበት መንግሥት ተወልዳ አስማት የማይሆንላት ልዕልት ናት። ኬቪን ከሰው እናትና ከአውሬ ሰዎች ንጉሥ የተወለደ፣ ሌሊት ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ልጅ ነው። ሻርሎት የካህን የልጅ ልጅ፣ ሆክአይ የበረሃ ሌባ፣ ሪስ ወንድሟ የተሰረቀባት ጦረኛ ልዕልት ናቸው። መጀመሪያ የተመረጠው ሰው የማን ታሪክ እንደሚተረክና የመጨረሻው ጠላት ማን እንደሚሆን ይወስናል። ያልተመረጡት ሦስቱም ከዓለሙ አይጠፉም፤ መንገድ ላይ ይገናኙናል፤ ሁለት ቃል ተናግረው የራሳቸውን ኀዘን ተሸክመው ያልፋሉ። የድርሰቱ ትልቁ ውበት ለእኔ ይህ ነው። ልብ ወለድ ደራሲ አንድን ሰው ዋና ባለታሪክ ሲያደርግ ሌሎቹን አጃቢ ያደርጋቸዋል። እዚህ ግን እያንዳንዱ አጃቢ በሌላ ቀን፣ በሌላ እጅ ዋና ባለታሪክ ሊሆን እንደሚችል እያወቅን አጠገቡ እናልፋለን።

እንከን የለውም አልልም። ከመካከሉ በኋላ ታሪኩ መንገዱን ስቶ አንዱን ግዙፍ አውሬ ገድሎ ወደ ሌላው መብረር ብቻ ይሆናል፤ ማንን መረጥን ማንን፣ ይህ ረጅም ክፍል ያው ነው። ውጊያው ላይ አስማት በተወረወረ ቁጥር ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል፤ ወጉ ላይ ሳለ እንግዳ እየመጣ እንደሚያቋርጠው ሰው ያበሳጫል። የክፉዎቹም ልብ ከደጎቹ ልብ አንጻር በስስ ቀለም የተቀባ ነው። የሂሮኪ ኪኩታ ሙዚቃ ግን ብዙውን ይክሳል። በተለይ ቀኑ መሽቶ የኬቪን ጥፍር ሲወጣ የሚሰማኝን ስሜት የሰጠኝ ሌላ ጨዋታ ጥቂት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት አነበብኩት? በ2000 ላይ፣ ኩባንያው ከተወው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ማንም ያላዘዛቸውና ማንም ያልከፈላቸው አንባቢዎች ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በነጻ ስላሰራጩት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ እንደ መጽሐፍ ትርጉም ብዕርና መዝገበ ቃላት ብቻ አይበቃውም። ጽሑፉ ካሴቱ ውስጥ የት እንደተቀመጠ ያለ ካርታ ፈልጎ ማግኘት፣ የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል መፍታት፣ የጃፓኑን የፊደል ሥዕል አውጥቶ የላቲኑን መተካት፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ መተርጎም የሚመጣው። አብዛኛው ሰው ውጤቱን በኮምፒዩተር ላይ አነበበው። እኔ ዘግይቼ፣ ጨዋታን ከሚሞሪ ካርድ በሚያነብ ካሴት አማካይነት፣ በዚያው በጃፓኑ መጫወቻ ላይ ለመጫወት በቃሁ።

ሕጉን እንርሳው አልልም። የድርሰቱ መብት የባለቤቱ ነው፤ በሰው ሥራ ላይ ያለ ፈቃድ እጅን መስደድ የተርጓሚ ኩራት ሊሆን አይገባውም። እነዚህ ሰዎች ግን ያሰራጩት የለወጡትን ብቻ እንጂ ጨዋታውን አልነበረም፤ ካሴቱን የገዛ ሰው ይለጥፈዋል የሚል ሐሳብ ነው። ሁሉም ገዝቶ ለጠፈው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ባለቤቱ ሊሸጥልህ ያልፈለገውን መጽሐፍ ተርጉሞ ያነበበ ሰው ከማን ኪስ ሰረቀ? ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁም። የፕላስቲክ ጥርሱ የተተከለው ንግድን ለመከለል ነው፤ የተከለለው ግን ንባብ ሆነ።

እነዚህን ተርጓሚዎች ብዙ ጊዜ የምናመሰግናቸው ለድፍረታቸው ነው። እኔ ግን እንደ ባልደረባ ሥራቸውን ልመዝን እፈልጋለሁ፤ መመዘን ማክበር ነውና። ስሞቹን እንይ። በ2000ው ትርጉም ሻርሎት «ካርሊ» ሆናለች፤ ሆክአይ «ሆክ» ተብሎ ተቆርጧል፤ ሪስ «ሊዝ» ሆናለች። የመጨረሻው ጃፓንኛ «ር»ን ከ«ል» ስለማይለይ የመጣ ነው፤ የአዲስ አበባ አንባቢ ጦረኛዋን ልዕልት ሲያገኝ የመሬት ሊዝ ትዝ ቢለው ጥፋቱ የተርጓሚው አይደለም። የቀሩት ሁለቱ ግን የቦታ ጥበት ውጤቶች ናቸው። የሻርሎት ስም በጃፓንኛ ስድስት ምልክት ነው፤ በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ፊደል ይፈጃል። ዘጠኙ ለስም በተተወችው ጠባብ ሳጥን ውስጥ አይገባም። እንግዲህ የገጸ ባሕርይዋን ስም የወሰነው የተርጓሚው ጆሮ ሳይሆን የሳጥኑ ወርድ ነው።

በዚህ ላይ ባለሙያዎቹም ከአማተሮቹ የተሻለ ዕድል አልነበራቸውም። «ሲክሬት ኦፍ ማና»ን ለኩባንያው በ1993 የተረጎመው ቴድ ዉልሲ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነበር። ያ ትርጉም አጭርና ደረቅ ሆኖ ብዙ ተወቅሷል። ለአንድ መጽሐፍ ያህል ንግግር ሠላሳ ቀን የተሰጠው ተርጓሚ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የማውቀው እኔ ወቀሳውን በግማሽ እቀበላለሁ። ያለ ክፍያ የሠሩት ግን አንድ ነገር ነበራቸው፤ ጊዜ። የ2000ው ትርጉም ስሞችን ቢቆርጥም ንግግሩ ሳይቸኩል ይተነፍሳል።

ኩባንያው ራሱ የመጣው በጁን 2019 ነው። ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች በአንድ ጥራዝ ለኒንቴንዶ ስዊች ሲያወጣ ሦስተኛውን «ትራያልስ ኦፍ ማና» ብሎ በእንግሊዝኛ አቀረበው፤ በ2020 ደግሞ በአዲስ ሥዕል እንደገና ሠራው። ስዊች የአገር ቁልፍ የሌለው መጫወቻ ነው። የፕላስቲኩም የቋንቋውም ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ ማለት ይቻላል። ስሞቹ ተመልሰው ሞሉ፤ ሻርሎት ሻርሎት ሆነች። በአዲሱ ቅጂ ሻርሎት በ«ር» ቦታ «ው» እያለች ትኮላተፋለች፤ በጃፓንኛውም የሕፃን አነጋገር አላት። ልጅቱ ግን ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ግማሽ ደሟ የኤልፍ ስለሆነ ዕድገቷ ዘገየ እንጂ ሕፃን አይደለችም። እንግሊዝኛው መኮላተፉን ያለ እረፍት ስለሚደጋግመው ኀዘኗ በሚመጣበት ሰዓት እንኳ ልንስቅባት እንገደዳለን። እዚህ ላይ ከ2019ኙም ከ2020ውም ይልቅ የጥንቱን ጠባብ ሳጥን እመርጣለሁ። ቦታ ያጣ ተርጓሚ አያበዛም።

እነዚህን ሁለት ትርጉሞች ጎን ለጎን ሳነብ እጄ ሳላዝዘው ወደ አማርኛ መሄዱ አልቀረም። የሳጥኑ ጥበት ለእኛ ምንም አይደለም። ፊደላችን እንደ ጃፓንኛው ካና ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት ይይዛል። ሻርሎት አራት ፊደል፣ ሆክአይ አራት፣ ሪስ ሁለት ናቸው፤ ስድስቱም ሳይቆረጡ ይገባሉ። ሠላሳ ሦስቱን ቤት በሰባት አባዝቶ 231 ምልክት በትንንሽ ነጥብ መሣል አድካሚ ቢሆንም በርካታ የቻይና ፊደል ለያዘ ካሴት አዲስ ሸክም አይሆንም።

የሚከብደው ሌላ ነው። ኬቪን በጃፓንኛ የሚናገረው እየቆራረጠ፣ ቃል እየፈለገ ነው። አማርኛ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመን የእኛ መድረክና የእኛ ትርጉም የለመዱት መፍትሔ አንድ ነው፤ የአንድ ገጠር ወይም የሌላ ብሔረሰብ ቅላፄ አልብሶ ማሳቅ። ኬቪን ግን ያሳደገውን ግልገል ተኩላ በገዛ እጁ ገድሎ የቀበረ ልጅ ነው። ቅላፄ የምናለብሰው ከሆነ ከልጁ ጋር የማንን አባት እንደምንሳለቅበት ማሰብ ይኖርብናል። እኔ ብሆን ዐረፍተ ነገሮቹን አሳጥሬ፣ ማሰሪያ አንቀጹን አንዳንዴ ጎድሎ ትቼ፣ ቃላቱን ግን የማንም ሠፈር ሳላደርጋቸው እሞክረው ነበር።

አንጄላ ደግሞ አለች። እናቷ ንግሥት ናት፤ ለማና ድንጋይ አስማት ሕይወት ስላስፈለጋት ልጇን መሥዋዕት ልታደርጋት ትወስናለች። ልጅቱ በድንጋጤ ያልቻለችው አስማት ፈንድቶ ራሷን በረዶ ላይ ወድቃ ታገኘዋለች። ንግሥቲቱ በገዛ ፈቃዷ እንዳልነበረች ኋላ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እናትንም ንግሥትንም ገዳይንም በእኩል ይጠራበታል። በአማርኛ አንጄላ እስከዚያች ሰዓት እናቷን በእርግጥ «እርስዎ» ትላለች፤ የቤተ መንግሥት ልጅ ናትና። ሞት ከተፈረደባት በኋላ ያለውን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። «አንቺ» ስትል ልጅነቷ ይመለሳል፤ «እርስዎ» ስትል እናትየዋ ከልጇ ትርቃለች። የመጨረሻው ረቂቅ ላይ ያለው «እርስዎ» ነው፤ አጠገቡ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አለ።