አጋዡን የሚያግዘው ማነው? ስለ ፍሬን ቡስተር የአማርኛ ስያሜ የቀረበ ሒስ

የአንድ ሙያዊ ቃል ብቃት የሚታወቀው በቃላት ዝርዝር ውስጥ ከባዕዱ አቻው ጎን ተጽፎ ሲታይ አይደለም። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ስያሜውን የተሸከመው ነገር ከለመደው ቦታ ተነቅሎ ከሌላ ነገር ጋር እንዲሠራ ሲደረግ ነው። በዚያን ጊዜ ቃሉ ባለሙያው ምን መመርመር እንዳለበት ይጠቁማል፤ አለዚያም ዝም ይላል፤ ከዚያ የከፋም ሲሆን ያሳስታል። ይህ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብሬክ ቡስተር፣ በጣሊያንኛ ሰርቮፍሬኖ የሚባለውን የተሽከርካሪ ክፍል ይዞ፣ ለክፍሉ ሊሰጡ የሚችሉትን የአማርኛ ስያሜዎች በዚሁ ፈተና ይመዝናል። መመዘኛው የሞተር ቅያሪ ነው፤ ይኸውም የተሽከርካሪው አካል እንዳለ ሆኖ ሞተሩ በሌላ ዐይነት ሞተር የሚተካበት ሥራ ነው። ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም፤ በመጥፎ ስያሜ የተመራ መካኒክ የሚገጥመው ፍሬን ሰው የሚጫንበት ፍሬን ነውና።

1. ክፍሉ ምን ይሠራል?

ክፍሉ በሞተሩና በተሳፋሪው መቀመጫ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ፣ በፍሬን ፔዳሉና በዋናው የፍሬን ሲሊንደር መካከል የሚታሰር ክብ የብረት ቤት ነው። ውስጡ በላስቲክ ዲያፍራም ለሁለት ተከፍሏል። ፔዳሉ ሳይረገጥ ከሁለቱም ወገን አየር ስለሚመጠጥ ግፊቱ እኩል ሆኖ ይቆያል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ቫልቭ ይከፈትና የውጭው አየር በፔዳሉ በኩል ወዳለው ክፍል ይገባል፤ በሌላው ወገን ያለው ግፊት ግን ዝቅ እንዳለ ነው። ስለዚህ አየሩ ዲያፍራሙን ይገፋል፤ ዲያፍራሙም ከነጂው እግር ጋር ተባብሮ የዋናውን ሲሊንደር ፒስተን ይገፋል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚገፋው ከባቢው አየር ነው፤ የሞተሩ ድርሻ ከአንድ ወገን አየር መምጠጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ምጠጣው ቢቋረጥ በፔዳሉና በፒስተኑ መካከል ያለው ዘንግ አይቋረጥም። ፍሬኑ ይሠራል፤ ነገር ግን ጭነቱ በሙሉ በነጂው እግር ላይ ይወድቃል። ይህን አሠራር የቤልጂጉ መሐንዲስ አልበርት ደዋንድር ፈለሰፈ፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያም በ1927 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። መሠረቱ እስካሁን አልተለወጠም።

2. ስያሜዎቹ ሲመረመሩ

ተርጓሚ ቶሎ ሊያስባቸው ከሚችላቸው ስያሜዎች የመጀመሪያው «ኃይል ሰጪ» ነው። ይህ ስያሜ ክፍሉ ከራሱ አንዳች ነገር የሚያፈልቅ ያስመስለዋል። ክፍሉ ግን ከራሱ የሚሰጠው የለም፤ ከውጭ የመጣ የግፊት ልዩነትን ወደ መግፋት ይለውጣል እንጂ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ሌላ አካል ከሌለ የብረት ቤቱ ሥራ ፈት ነው።

ሁለተኛው «አጎልባች» ነው። ቃሉ ከጉልበት ጋር ያለው ዝምድና ደግ ነው። ጉድለቱ ምን እንደሚጎለብት ለይቶ አለመናገሩ ነው። «የፍሬን አጎልባች» ሲባል አንባቢው ፍሬኑ ራሱ የሚጠነክር ይመስለዋል። ክፍሉ የሚያቀልለው የእግርን ድካም ነው፤ ያለቀ የፍሬን ሸራን አይተካም፤ የጎማንም የመያዝ ብቃት አይጨምርም።

ሦስተኛው «ረዳት» ነው። «ረዳት ፍሬን» ቢባል ከዋናው ሌላ ሁለተኛ ፍሬን ያለ ይመስላል፤ አንባቢው ወደ እጅ ፍሬን እንዲያስብም ይገፋፋዋል። ቅደም ተከተሉን ለውጠን «የፍሬን ረዳት» ብንልም መፍትሔ አይሆንም። በመጓጓዣ ሥራ «ረዳት» ከሾፌሩ ጋር የሚሠራው ሰው መጠሪያ ሆኖ ጸንቷልና፣ አንድን የብረት ዕቃ በዚሁ ስም መጥራት ከመረዳት ይልቅ ፈገግታን ያመጣል።

አራተኛው «የአየር ፍሬን» ወይም «በአየር የሚሠራ ፍሬን» ነው። ሳይንሱን ያየ ሰው ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ የሚገፋው በእርግጥ አየር ነውና። ሆኖም «የአየር ፍሬን» የሚለው ስም በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ላይ ያለውን፣ በታመቀ አየር የሚሠራውን ፍሬን ለመጥራት ተይዟል። ሁለቱ አሠራሮች በባሕርያቸው ተቃራኒ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አንዱ ከከባቢው በላይ የታመቀ አየር ይፈልጋል፤ ሌላው ደግሞ ከከባቢው በታች የሳሳ። ሳይንሳዊ እውነትን የያዘ ቃል በተያዘ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

አምስተኛው መንገድ የውጭውን ቃል እንዳለ መቀበል ነው። «ፍሬን» የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያንኛው ፍሬኖና የፈረንሳይኛው ፍሬን ዘመድ ነው፤ የሁለቱም ምንጭ የሆነው የላቲን ቃል ትርጉሙ «ልጓም» ነው። አማርኛ «ልጓም» የሚል ቃል እያለው «ፍሬን»ን ተቀበለ፤ ተዋሐደውም፤ ዛሬ ማንም ይመለስ ቢል የሚሰማው የለም። ታዲያ «ቡስተር» ወይም «ሰርቮ» ቢባል ምን ይጎዳል? በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የሚነገረውን «ቡስተር» መዝገበ ቃላት ሊያሰፍረው ይገባል። ነገር ግን «ፍሬን» ተግባሩን ማንም በዐይኑ የሚያየው ነገር ስም ነው፤ ቡስተሩ ግን በታሸገ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ስለዚህ የሚያስረዳ ስም ይፈልጋል። «ሰርቮ»ም በላቲን «ባሪያ» ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። የጌታና የባሪያ ምሳሌ ከባዕዱ የፍሬንና የፍሪሲዮን አጠራር ጋር ወደ ቋንቋችን መግባት የለበትም፤ «ዋና ሲሊንደር»ና «ተከታይ ሲሊንደር» ማለት ሥራውን በሚገባ ይገልጻል።

የቀረው «አጋዥ» ነው። «አገዘ» ማለት ሸክሙን ከባለቤቱ ጋር ተካፍሎ ማንሣት ነው። ባለቤቱ ካላነሣ አጋዡ አያነሣም፤ አጋዡ ቢሄድም ሸክሙ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ይህ ከላይ ከተገለጸው አሠራር ጋር፣ ከብልሽቱ ጠባይ ጋር ሳይቀር፣ ይገጥማል። ስለዚህ ለጠቅላላው ዘር «የፍሬን አጋዥ» ይሻላል። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም።

3. ሞተሩ ሲለወጥ

ምሳሌ እንውሰድ። ላንድ ክሩዘር 60 የተባለው የቶዮታ ተሽከርካሪ 2ኤፍ በሚባል የቤንዚን ሞተርም፣ 2ኤች በሚባል የናፍጣ ሞተርም ተሠርቷል። አንድ ባለንብረት የቤንዚኑን አውጥቶ የናፍጣውን ሊያስገባ ይችላል። የቤንዚን ሞተር የሚገባበትን አየር በአንድ በር ስለሚገድብ፣ ከበሩ ወዲያ በማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት ይቀንሳል፤ የፍሬኑ አጋዥም በቱቦ ከዚያ ይመጠጥለታል። የናፍጣ ሞተር ግን በአብዛኛው አየሩን እንዲህ አይገድብም። ስለዚህ ለፍሬኑ የሚያስፈልገውን ምጠጣ የሚሰጥ ራሱን የቻለ ፓምፕ ያሻዋል። በ2ኤች ሞተር ላይ ይህ ፓምፕ ከአልተርኔተሩ ጀርባ ተያይዞ፣ በሞተሩ ዘይት እየለሰለሰ ይሠራል።

እዚህ ላይ የስያሜው ጉዳይ ክብደቱን ያሳያል። አልተርኔተሩን ፓምፕ በሌለው ርካሽ አልተርኔተር የተካ መካኒክ ባትሪው ሲሞላ ያያል፤ ሞተሩም ይነሣል። ፍሬኑ ግን አጋዥ አጥቷል። የትርጉም መጽሐፉ ክፍሉን «ኃይል ሰጪ» ብሎት ከሆነ መካኒኩ ጥፋቱን በብረት ቤቱ ውስጥ ይፈልጋል፤ አውጥቶም በአዲስ ይተካዋል፤ አዲሱም አይሠራም። «በምጠጣ የሚሠራ የፍሬን አጋዥ» ብሎት ቢሆን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚመጥጠው ምንድን ነው?» በሆነ ነበር። ቃሉ ራሱ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦውም ወደ ፓምፑ ይመራል።

«ምጠጣ» በጥብቅ የፊዚክስ መለኪያ ፍጹም ቃል አይደለም፤ ሞተሩ ፔዳሉን የሚስብ ሊያስመስል ይችላልና። ሆኖም «ባዶ» ወይም «ኦና» ከሚሉት ይሻላል። በክፍሉ ውስጥ የሳሳ አየር አለ እንጂ ፍጹም ባዶነት የለም፤ ደግሞም «ባዶ» ከፍሬን ጋር ሲነገር የሚያመጣው ሐሳብ ፍሬን የለም የሚል ነው። በጥብቅ ሳይንሳዊነትና መንገድ በማመልከት መካከል መምረጥ ግድ ሲሆን፣ ለሙያ መጽሐፍ የሚመረጠው መንገድ የሚያመለክተው ነው።

4. የምርጫና የገጠማ ቋንቋ

አጋዡን መምረጥ ማለት የዲያፍራሙን ስፋት መምረጥ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዲያፍራም የ60 ኪሎ ፓስካል የግፊት ልዩነት ቢያገኝ በስሌት 300 ኪሎ ግራም በሚያህል ክብደት ይገፋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ከ190 ብዙም አያልፍም። አዲሱ ሞተር ሰፊ ሆኖ ቦታ ቢያጣብብ፣ ትናንሽ ዲያፍራሞችን በተርታ የያዘ አጋዥ ይመረጣል። ይህን «ድርብ አጋዥ» ብንለው አንባቢ ሁለት የብረት ቤት ይፈልጋል፤ «ባለ ሁለት ዲያፍራም አጋዥ» ማለት ይገባል።

ተርጓሚው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ 76 ያህል ነው። የሚገፋው ከባቢው አየር በመሆኑ የአጋዡም እገዛ በከፍታ ቦታ በሩብ ያህል ይቀንሳል። በቆላ አገር የተጻፈ የመጠን ሠንጠረዥ ያለ ማብራሪያ ቢተረጎም ቃላቱ ትክክል፣ ምክሩ ግን ስሕተት ይሆናል።

በገጠማ ጊዜ ዋናው ልኬት በአጋዡ ዘንግና በዋናው ሲሊንደር ፒስተን መካከል ያለው ጥቂት ክፍተት ነው። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዘይቱ መመለሻ ያጣል፤ ፍሬኑም ሳይረገጥ ይዞ ይግላል። ካጠረ ደግሞ ፔዳሉ ብዙ ወርዶ ነው የሚይዘው። በእንግሊዝኛ «ፍሪ ፕሌይ» የሚባለውን ቃል በቃል «ነፃ ጨዋታ» ብሎ መተርጐም የሚያስከትለውን ግራ መጋባት መዘርዘር አያሻም። ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት የሚሄደው መንገድ ነውና «ባዶ ጉዞ» ቢባል ይበቃል። እንዲሁም በቱቦው ላይ ያለው ቫልቭ «መቆጣጠሪያ ቫልቭ» ሊባል አይገባም፤ አየሩን ከአጋዡ ወደ ሞተሩ ብቻ የሚያሳልፍ ነውና «ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ» ነው። ተገልብጦ ቢገጠም ምጠጣው ወደ አጋዡ አይደርስም፤ ይህን ማስጠንቀቂያ ስሙ ራሱ መሸከም አለበት።

5. የመጨረሻ አስተያየት

«በምጠጣ» የሚለው ቅጽል ከዘር ስሙ ጋር ተጣብቆ አንድ ቃል እንዲሆን የሚፈልጉ ይኖራሉ። ይህ አይመከርም። ከመሪ ፓምፕ በሚመጣ የዘይት ግፊት የሚሠሩ አጋዦች አሉ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በየመንገዱ በዝቷል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም የሚመጥጥ ማኒፎልድ የለውም። ስለዚህ ወይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መምጠጫ ፓምፕ ይጨመርለታል፤ ወይም ዘንጉን በቀጥታ የሚገፋ የኤሌክትሪክ አጋዥ ይገጠምለታል። ዘሩን ከምንጩ ለይቶ የሰየመ መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ሳይናጋ ያስተናግዳል። በዚህ መሠረት የሚከተለው ፍቺ ቀርቧል፦

የፍሬን አጋዥ (ስም)፦ በፍሬን ፔዳልና በዋናው የፍሬን ሲሊንደር መካከል ሆኖ፣ ከሌላ ምንጭ በሚያገኘው ግፊት ወይም ምጠጣ ወይም ኤሌክትሪክ፣ የነጂውን የእግር ጉልበት እንደ አረጋገጡ መጠን የሚያግዝ ክፍል። ምንጩ ቢቋረጥ ፍሬኑ በእግር ጉልበት ብቻ ይሠራል። ዐይነቶቹ፦ በምጠጣ የሚሠራ፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ። በንግድ ቋንቋ፦ ቡስተር።

ፍቺው ረዝሟል የሚል ቢኖር፣ «ምንጩ ቢቋረጥ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ቆርጦ ለማሳጠር ከመነሣቱ በፊት ያንን ገጽ ከፍቶ ሞተር የሚቀይረውን አንባቢ ያስብ። ሌላው ቢያጥር ይህ አይጥፋ።