ከእሳት የማውረድ ሙያ

የኢሉባቦር ሰው ጣፋጭ ሲያምረው ድስት አይጥድም፤ ማር አለው። መቱም ሆነ ጎሬ፣ ያዮም ሆነ በደሌ፣ ትኩስ ጨጨብሳ ላይ የሚፈሰው የጫካ ማር ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የፍራፍሬ ሽሮፕ በቤቷ የምታፈላ ሴት የምትፎካከረው ከሱቅ ጠርሙስ ጋር ሳይሆን ከንብ ጋር ነው። ፉክክሩም ቀላል አይደለም።

ንቦቹ ከገተማ አበባ ቀስመው የሚያመጡት ፈሳሽ አብዛኛው ውኃ ነው። ቀፎው ውስጥ ከአፍ አፍ እየተቀባበሉ፣ በክንፋቸው እያራገቡ ውኃውን ያተኑታል። ከመቶ 18 እጅ ገደማ ብቻ ሲቀር በሰም ይከድኑታል። የገተማ ማር ነጭ ነው፤ ቶሎ ይረጋል፣ ሲረጋም ልስልስ ይላል። የግራዋው ደግሞ መረር ይላል፣ ወዳጅም አያጣም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የያዮ ጫካ ከቡናው ሌላ እንዲህ ያለ ማርም የሚሰጥ ነው።

ሽሮፕ ማፍላትም ያው ውኃ ማባረር ነው። ልዩነቱ እሳት መግባቱ ነው፤ እሳት ደግሞ ይቸኩላል።

ሙያው የሚጀምረው ፍሬ ሲመረጥ ነው። ዘይቱንን እንውሰድ። ያልበሰለ ዘይቱን ፔክቲን የሚባለው አርጊ ነገር ይበዛበታል። ለማርማላታ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ለሽሮፕ ግን ጠርሙስ ውስጥ ረግቶ አልቀዳም የሚል ጣጣ ያመጣል። ስለዚህ ባለሙያዋ የምትለየው በአውራ ጣት ሲነኩት እሺ የሚለውን፣ ሽታው ቤቱን የሞላውን፣ ለነገ የማያድረውን ፍሬ ነው። አናናስ ፔክቲኑ ትንሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ማንጎ ቃጫው ያስቸግራል፤ ደጋግሞ ማጥለል ይፈልጋል። አቮካዶ አይሞከርም።

ፍሬው ተከትፎ፣ ውኃ እስኪሸፍነው ብቻ ተጨምሮበት፣ በለዘብተኛ እሳት ይለሰልሳል። ከዚያ በታጠበ ሻሽ ላይ ተገልብጦ፣ ሻሹ ከጎድጓዳ ሳህን በላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። እዚህ ላይ እጅን ይበላዋል፤ ጨምቆ መገላገል ያምረዋል። የጨመቀ ሰው ጥቂት ተጨማሪ ጭማቂ ያገኛል፤ ግን ሽሮፑ ይደፈርሳል፣ የደፈረሰውን ደግሞ ምንም አያጠራውም። በራሱ ጊዜ የተንጠባጠበው ጭማቂ በመስኮት ብርሃን ሲያዩት ወዲያ ማዶ ያሳያል። አንድ ጠርሙስ በማን እጅ እንደተሠራ ለማወቅ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው።

ስኳሩ የሚገባው በማግስቱ ነው፤ ለአንድ ሊትር ጭማቂ ወደ አንድ ኪሎ። ስኳሩ ሟምቶ እስኪያልቅ ይማሰላል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ማንኪያ አይገባም። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተፈናጠረው ስኳር እዚያው ይደርቅና ቅንጣቱ ተመልሶ ከወደቀ ሌላውን ሁሉ ወደ ቅንጣት ይጠራል። ስለዚህ ባለሙያዋ በረጠበ ጨርቅ የድስቱን ከንፈር ዙሪያውን ትጠርጋለች። ጥቂት የሎሚ ጭማቂም ትጨምራለች፤ አሲዱ ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚሰብረው ሽሮፑ ከርሞ እንዳይሻክር ይረዳል፣ የፍሬውንም ጣዕም ያነቃዋል። ሎሚ ስላለም ድስቱ አሉሚኒየም አይሆንም። አረፋው በጠፍጣፋ ማንኪያ ከላይ ከላዩ ይገፈፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ መቼ ይውረድ? በውጭ አገር የተጻፉ የአሠራር መመሪያዎች በቴርሞሜትር 104 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱ ይላሉ። ያ ልክ የተሠራው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው፤ ውኃ በ100 ለሚፈላበት። መቱ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ጎሬ ደግሞ በ93 አካባቢ ታፈላለች። መመሪያውን አምኖ መቱ ላይ 104 የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ከረሜላ ለመሆን ጥቂት የቀረውን ነገር ነው። ከውኃው መፍያ አራትና አምስት ዲግሪ ከፍ ሲል በቂ ነው፤ መቱ ላይ 99 ሲደርስ ማለት ነው።

ባለሙያዋ ቴርሞሜትር የላትም። ያላት ቀዝቃዛ ሰሃን ነው። አንድ ጠብታ ታንጠባጥብበትና ታዘነብለዋለች፤ እንደ ውኃ ከሮጠ ገና ነው፣ ተጎትቶ ከወረደና በጣቷ ያሰመረችበት መስመር ቀስ ብሎ ከገጠመ ይበቃዋል። ሽሮፕ ትኩስ ሲሆን ቀጭን፣ ሲበርድ ወፍራም ነው፤ ድስቱ ውስጥ ልክ የመሰለው ጠርሙስ ውስጥ አልፎበታል። ገና ነው ሲያሰኝ ማውረድ ድፍረት ይጠይቃል። ከዘይቱን መረጣው፣ ከሻሹ፣ ከአረፋው ሁሉ በላይ ሙያ የምለው ይህንን ነው።

ድፍረቱ ግን ልክ አለው። ቀጥኖ የወረደ ሽሮፕ ይሻግታል፤ ከመቶ 65 እጅ ያህሉ ስኳር ሲሆን ነው ሻጋታና እርሾ የሚቸገሩት። ዝናብ በማይጠፋበት አገር፣ በተለይ በአገሪቱ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ በሆነችው በጎሬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ጠርሙሱ ተቀቅሎ፣ ሽሮፑ ከነትኩሳቱ ተቀድቶ ወዲያው ይከደናል፤ ለጥቂት ደቂቃም ይዘቀዘቃል፣ ክዳኑ በውስጡ ትኩሳት እንዲጸዳ። ጠርሙሱ አንገት ላይ የአረፋ ቀለበት ካያችሁ አረፋውን የገፈፈችው ሴት ቸኩላ ነበር።

ከንቧ ጋር ለተጀመረው ፉክክር የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ለጨጨብሳ የገተማ ማር፣ ለዳቦ፣ ለፓንኬክና ለእርጎ የዘይቱን ሽሮፕ። በቤታችሁ የምትሞክሩ ካላችሁ በትልቅ ጠርሙስ አትሙሉት፤ አንዴ የተከፈተ ሽሮፕ በክረምት ያለ ፍሪጅ ብዙ አይቆይም።