ከስሌቱ በፊት ቆጠራው፦ ስለ ኮሌጅ የመግቢያ ስታቲስቲክስ ትምህርት የቀረበ ሂስ

በአገራችን ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል የመግቢያ ስታቲስቲክስን ያህል ልዩ ልዩ የጥናት ዘርፎችን የሚያገናኝ ጥቂት ነው። የግብርናው፣ የምጣኔ ሀብቱ፣ የሥራ አመራሩና የመምህርነቱ ተማሪ ሁሉ በየፊናው ይወስደዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ ስታቲስቲክስ ትምህርት አይመለሱም፤ ይሁን እንጂ እስከ ጡረታቸው ድረስ ቅጽ ሲሞሉ፣ ሪፖርት ሲያዘጋጁና በሪፖርት ላይ ተመሥርተው ሲወስኑ ይኖራሉ። ስለዚህ ትምህርቱ የሚመዘነው ተማሪው በፈተና ባገኘው ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ቁጥር በፊቱ ሲቀርብለት በሚያነሣው ጥያቄ ጭምር ነው።

የትምህርቱ ማውጫ ከተቋም ተቋም ብዙም አይለያይም። በመጀመሪያ የስታቲስቲክስ ትርጉምና ጠቀሜታ፣ ቀጥሎም መረጃን የማሰባሰብና በሠንጠረዥ የማቅረብ ዘዴ ይነገራል፤ ከዚያም አማካይ፣ ልይይት፣ ይሆንታ፣ የናሙና አወሳሰድ፣ የመላምት ፍተሻና ተዛምዶ ይከተላሉ። ዝርዝሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ጉድለቱ በሚዛኑ ላይ ነው። መረጃ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳው ክፍል ብዙውን ጊዜ ትርጓሜ ተጽፎበት በጥቂት ሰዓት ይታለፋል፤ በፈተናም ቢመጣ «ዘርዝር» ከሚል ጥያቄ አያልፍም። የቀረው ጊዜ ቁጥሩ ተሰጥቶ ስሌቱ ለሚጠየቅበት መልመጃ ይውላል። የይሆንታው ምዕራፍም ካርታ ተጫውቶ የማያውቀውን ተማሪ የ52ቱን ካርታዎች ዓይነትና ቀለም እንዲሸመድድ ያስገድደዋል። በዚህ መንገድ ያለፈ ተማሪ ቁጥርን ማካፈል ይችላል፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተወለደ ግን አይጠይቅም።

የጉድለቱን ክብደት ለመረዳት ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ ሥፍራ በቂ ምሳሌ ይሰጣል። ከጊንጪ ከተማ በስተሰሜን ያለው የጭልሞ ደን፣ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ከሚገኙባቸው የማዕከላዊው ደጋ ጥቂት ቅሪት ደኖች አንዱ ነው። በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሥፍራዎችም አንዱ ይኸው ጭልሞ ነው። እንዲህ ባለው አስተዳደር ምን ያህል እንጨት ሊቆረጥ እንደሚችል የሚወሰነው በቆጠራ ነው። ቆጠራው ከተሳሳተ ወይ ደኑ ይጎዳል፣ ወይ በደኑ የሚተዳደረው ገበሬ ያለአግባብ ይከለከላል።

እንበልና ተማሪዎች ወደ ደኑ ተልከው እያንዳንዱ ጎን 20 ሜትር በሆነ ካሬ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ይቁጠሩ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የታሰቡ እንጂ የተለኩ አይደሉም። በመንገድ ዳር ያሉት ሦስት ካሬዎች 4፣ 5 እና 6 ዛፍ ቢሰጡ አማካዩ 5፣ መደበኛ ልይይቱም 1 ይሆናል። ልይይቱ ትንሽ ስለሆነ ተማሪው በተማረው ቀመር መሠረት ግምቱ የጠበቀ ነው ብሎ ይደመድማል። ወደ ጥልቁ የገባው ሌላው ቡድን ግን 20፣ 21 እና 22 ያገኛል። ስድስቱ ቁጥሮች በአንድነት ሲደመሩ አማካያቸው 13 ነው፤ 13 ዛፍ የተቆጠረበት ካሬ ግን አንድም የለም። ጥቅጥቁ ክፍል ከደኑ ስፋት ሩቡ ብቻ ቢሆን ደግሞ ተገቢው አማካይ 13 ሳይሆን 9 ነው። ከ5፣ ከ13 እና ከ9 መካከል የሚመርጠው ቀመሩ አይደለም፤ ካሬዎቹ የት እንደተመረጡና ለምን እንደተመረጡ ማወቅ ነው። የልይይት ማነስም የመንገድ ዳሩን ናሙና ስሕተት አይገልጥም፤ እንዲያውም ይሸፍነዋል።

የናሙና ብዛትም ቢሆን ይህን በሽታ አይፈውስም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ፤ ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር። ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች መዝገብ በብዛት ስም በመውሰዱ፣ እንዲሁም መልስ የላኩት ካልላኩት የተለዩ በመሆናቸው፣ መጽሔቱ የመንገድ ዳሩን ዛፍ ቆጠረ ማለት ይቻላል።

ነገሩ ለትምህርት ሥራም የቀረበ ነው። ጥቅል የትምህርት ተሳትፎ የሚባለው መለኪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ በላይ የሆነባቸው ዓመታት እንደነበሩ ይታወቃል። ይህን ያየ ያልተዘጋጀ አንባቢ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን የለም ይል ይሆናል። በእርግጥ በአካፋዩ ላይ የሚቆጠሩት ለክፍሉ ዕድሜ የደረሱ ሕፃናት ብቻ ሲሆኑ፣ በተካፋዩ ላይ ግን በዕድሜ የበለጡና ያነሱ ተማሪዎችም ይገባሉ። አካፋዩ ራሱ ለብዙ ዓመታት በ1999 ዓ.ም. ከተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በትንበያ የመጣ ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ዳግም በመተላለፉ ትንበያው ከመነሻው እየራቀ ሄዷል። በ1976 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራም ቢሆን ቆጣሪ ያልደረሰባቸው አካባቢዎች ስለነበሩ የእነዚያ ቁጥር በግምት ተሞልቷል። ይህ ሁሉ ቁጥሮቹን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም፤ የልደት ታሪካቸውን ይዞ ለማንበብ ግን ግዴታ ይሆናል።

ቁጥሩ በትክክል በተቆጠረበትም ጊዜ የማንን ሁኔታ እንደሚናገር መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ወረዳ ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል፤ አንዱ 400 ተማሪና 4 መምህር፣ ሌላው 100 ተማሪና 5 መምህር አለው። የሁለቱ ጥምርታ አማካይ 60 ተማሪ ለአንድ መምህር ነው። ጠቅላላው ተማሪ ለጠቅላላው መምህር ሲካፈል ወደ 56 ይወርዳል። እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት ቤቱ የሚያጋጥመው ጥምርታ ተወስዶ አማካይ ሲወጣ ግን 84 ይሆናል፤ ከአምስቱ ተማሪዎች አራቱ የሚማሩት አንድ መምህር ለ100 በሚደርስበት ሥፍራ ነውና። ሦስቱም ስሌቶች ልክ ናቸው። አዲስ መምህር የት ይመደብ የሚለውን ውሳኔ የሚለውጠው የትኛው እንደተጻፈ ነው።

ለዚህ ሂስ የሚሰጠው መልስ ቀላል አይደለም። የክፍል ተማሪ ብዛት፣ የሰዓት ማነስና የመጓጓዣ ችግር መምህሩን በሰሌዳና በቀመር እንዲወሰን ያስገድዱታል። ያለ ይሆንታ ትምህርትም ከናሙና ወደ ጠቅላላው መሻገር እንደማይቻል እውነት ነው። ሆኖም የቀረበው ነቀፌታ ቀመሩ ይቅር የሚል አይደለም። ዛሬ አማካይና መደበኛ ልይይትን ኮምፒዩተር በቅጽበት የሚያወጣ በመሆኑ፣ በእጅ ስሌት የሚጠፋውን ሰዓት በከፊል ወደ ቆጠራው ማዛወር ይቻላል።

ስለዚህ የሚከተሉት ነጥቦች በሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና በመምህራን ሊታሰብባቸው ይገባል።

1ኛ/ እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርቱ ጊዜ ቢያንስ አንድ መረጃ ራሱ ቆጥሮ ያቅርብ። ጭልሞን የመሰለ ደን ቅርብ ለሆነለት፣ ከሚጠብቁት የአካባቢው ማኅበራት ጋር በመስማማት ደኑ፤ ለራቀው የግቢው ዛፍ ወይም የገበያ ዋጋ ይበቃል።

2ኛ/ የናሙና አወሳሰድ ምዕራፍ ከይሆንታ በፊት ይምጣ፤ ተማሪው ይሆንታ ለምን እንደሚያስፈልግ ከራሱ ናሙና ይረዳልና።

3ኛ/ በፈተና ከስሌት ጥያቄዎች ጎን «ይህ ቁጥር ማንን አልቆጠረም?» የሚል ጥያቄ በነጥብ ይካተት። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነውና።

እነዚህ ነጥቦች አዲስ መጽሐፍም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የወረዳው ዕቅድ አዘጋጅ ነገ የሚያምነው ሪፖርት ዛሬ በኮሌጅ ወንበር ላይ ባለው ተማሪ ይጻፋል። ያ ተማሪ ከመንገድ ዳር ብቻ እንዳይቆጥር የሚያስተምረው ሌላ ትምህርት ብዙውን ጊዜ አያገኝም።